ኦቦ ፉፋ እና የውኃው ሮኬት

ባለፈው ኅዳር ለጤና ቢሮ ሥራ ከአምቦ ተነሥቼ ጌዶ ስደርስ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማውን ፈትቶ ጎሚስታ ዘንድ ሲወስድ ተከትዬው ሄድሁ። ደጃፉ ላይ በተጋደመው ግንድ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ስለነበር ሰላምታ ሰጥቻቸው አጠገባቸው ዐረፍ አልሁ። ስማቸው ኦቦ ፉፋ ነው። በወጣትነታቸው መድፈኛ እንደነበሩ፣ ቀኝ ጆሯቸውም ከዚያ ወዲህ እንደማይሰማ ሳልጠይቃቸው አጫወቱኝ።

ወጋችን ገና ሳይሞቅ አንዲት ወጣት ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ የሞላበት ማዳበሪያ ተሸክማ መጣች። ጎንበስ ብላ «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ፉፋ?» ስትል በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። የሽማግሌው ፊት ግን ጠቆረ።

«ፈያዳ። እንኳን አገኘሁሽ፣ መምህርት ሃዋኒ» አሉ። «የልጅ ልጄን መቲን ከሳይንስ ክበብሽ አስወጥቻታለሁ። ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባም ክበቡ ይዘጋ ብዬ እናገራለሁ።»

«ምን አጠፋን፣ ኦቦ?»

«ልጆቹን ሮኬት ታሠሪያለሽ! እኔ ሮኬትን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። ይህን ጆሮ የበላው እሱ ነው። የሰው ቤት ከነምድጃው ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። መቲ ራት ላይ ‹አባባ፣ ሮኬት ሠራሁ› ስትለኝ ከማዕዱ ተነሣሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ፈገግ ልል ነበር። የተማርን ሰዎች ሽማግሌ እንቢ ሲል ካለማወቅ የመጣ ይመስለናል። የኦቦ ፉፋ ፍርሃት ግን ከማወቅ የመጣ ነበር። መምህርቷ ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ ማዳበሪያውን አስቀምጣ ከፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም፤ በዚያ አልከራከርዎትም። የእኛ ግን ባሩድም እሳትም የለውም። ውኃና አየር ብቻ ነው።»

«ውኃ ደግሞ መቼ በረረ?»

«ከፕላስቲኩ ሲሶውን ውኃ እናደርግበትና አፉን በቡሽ እንደፍነዋለን። በቡሹ መሐል በሚያልፈው የጎማ ቫልቭ በኩል በብስክሌት መንፊያ አየር እንሞላለን። አየሩ ሲታመቅ ቡሹን ይፈነቅልና ውኃውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፕላስቲኩ ወደ ላይ ይነሣል። አሁንም የመጣሁት ከተጣለ ጎማ ቫልቭ ልለምን ነው።»

«ታዲያ ስሙን ምን አመጣው?»

«የሚነሡበት የተፈጥሮ ሕግ አንድ ስለሆነ ነው። የዝናቡን ደመና ከላይ ሆኖ የሚያየው ሳተላይት የሚወጣው በዚሁ ሕግ ነው። እሳት ቤት ያቃጥላል ብለን ጥሬ አንበላም፣ ኦቦ።»

«መጽሐፋቸውን ቢያነቡ አይሻላቸውም?»

«ያነባሉ። ሕጉን ሁሉም በቃላቸው ይሉታል። ግን ‹ውኃው ሲበዛ ለምን ከፍ አይልም?› ብላ የጠየቀችኝ መቲ ብቻ ናት። መልሱን አልነገርኋትም። ውኃውን አምስት ጊዜ እየለካች ራሷ ደረሰችበት።»

ሽማግሌው ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «መቲ ጠየቀች? ቤት ውስጥ እኮ ቃል አይወጣትም።»

«ዛሬ ከሰዓት እናስነሣለን፤ መጥተው ይዩት። አይተው ይዘጋ ካሉ እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ።»

ጎሚስታው ቫልቩን ቆርጦ በነፃ ሰጣት። የእኛም ጎማ ገና ስላልተጠገነ ኦቦ ፉፋን አጅቤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄድሁ። መቲ አያቷን ስታይ ከጓደኛዋ ጀርባ ተሸሸገች።

የመጀመሪያው ሮኬት ከክፍሉ ጣሪያ በላይ ወጣ፤ ወዲያው ግን እየተገለባበጠ ሣር ውስጥ ተሰካ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች ሃዋኒ፣ «ምክንያቱን አጣሁት።»

ኦቦ ፉፋ ተነሥተው ፕላስቲኩን አነሡና በአንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው መዘኑት። «ጭንቅላቱ ቀሏል» አሉ። «ፊቱ ያልከበደ ነገር አቅጣጫውን አይጠብቅም። ጭቃ አምጡ! ደግሞ እንዲህ ተጠግቶ አይቆምም፤ ሁላችሁም ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ!»

ልጆቹ እንደ ወታደር ወደ ኋላ ሸሹ። መቲ ግን ጭቃ ይዛ ቀረበች፤ አያቷ እያሳዩዋት በፕላስቲኩ አናት ላይ በተገጠመው ሹል ቆብ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ከዚያ መንፊያውን ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ አንተ ንፋው።»

ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው መንፋት ጀመሩ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ቡሹ ጧ! አለ። ውኃው ሽማግሌውን ከራስ እስከ እግር ሲያጥባቸው ፕላስቲኩ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የባሕር ዛፉን ጫፍ አልፎ በፀሐይ አብለጨለጨ። ልጆቹ እየጮኹና እየተሳሳቁ ወደሚወድቅበት ሮጡ፤ መቲ ከሁሉም ትቀድም ነበር።

ኦቦ ፉፋ ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ቆመው አዩዋቸው። «በዕድሜዬ ስንቱን ተኩሻለሁ» አሉኝ በዝግታ። «ወደ ወደቀበት እየሳቀ የሚሮጥ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ከዚያ እሳቸውም ሣቁ፤ መቲ ተመልሳ እስክትይዛቸው ድረስ ሣቁ።

የቅዳሜውን ስብሰባ መምህርት ሃዋኒ በስልክ ነገረችኝ። ኦቦ ፉፋ ብድግ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ይዘጋ ልል ነበር፤ ሳላይ ፈርጄ ነበርና ተሳስቻለሁ። በየቦዩ የወደቀው ፕላስቲክ ተለቅሞ ሰፈራችን ፀድቷል። ልጆቻችን መለካት፣ መሥራት፣ ሲበላሽ ምክንያቱን መፈለግ ለምደዋል። የእኔዋ ዝምተኛ ራት ላይ በጥያቄ ታደርቀኛለች። እኛም ሽማግሌዎቹ ለካ ትምህርት ቤት ውስጥ የምንሰጠው ዕውቀት አለን። ካላመናችሁኝ ዓርብ መጥታችሁ እዩ።»

ዓርብ ዕለት አርባ ያህል ወላጆች መጡ። አባቶች መንፊያውን ተሻሙ፣ እናቶች ‹የእኔ ይበልጣል› እያሉ ተወራረዱ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስም ከልጆቹ አንዱ እንኳ ተራ አላገኘም።