የሐይቁን ዳር እሱ ይምረጥልን

ኖርሽ በለጥሽ? ነይ፣ ከጎኔ… ውይ፣ ከጎኔ ለካ ክልክል ነው። ወንበሩን አትጎትቺው፣ ይቆጡናል። እዚያው ሁኚና ስሚኝ። ማስክሽ እንዴት ታምራለች! ራስሽ ነሽ የሰፋሻት? የኔን ደግሞ እያት፤ ከባሌ ከአቢሶ አሮጌ ሸሚዝ ቆርጬ ስሰፋ ኪሱን ከነቁልፉ አፌ ላይ አስቀረሁት። አሌክሳንድራ ሰፈር ያሉት የሱቅ ደንበኞቼ "ማማ፣ እዚያ ውስጥ ምን ትከቻለሽ?" እያሉ ይስቁብኛል። ምን እከታለሁ? ዝም ያልኩትን ሁሉ ነዋ።

ልጅሽስ? ሳሏ ተሻላት? ተመስገን። ብርዱ ሳይገባ መሻሉ ጥሩ ነው።

አየሽ ይሄ ወንበር ማራራቅ ምን እንዳመጣብን? ድሮ እዚህ ጸሎት ቤት ግቢ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ሐሜት ከጆሮ ወደ ጆሮ በሹክሹክታ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ለአንቺ ብዬ የተናገርኩትን ከኋላሽ ያለው ረድፍ ሁሉ ይካፈለዋል። ምን ላድርግ ታዲያ? ሕግ ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሆኛለሁ… ከወንድሞቻችን ተምሬ።

አትዙሪ! ከኋላሽ ማን እንደተቀመጠ ምን አገባን?

ማስታወቂያውን ሰማሽ አይደል? ለፋሲካ ሐይቅ ዳር እንወጣለን፣ ድንኳን ያለው በድንኳኑ፣ ካራቫን የሚሉት በመኪና የሚጎተት ቤት ያለው በካራቫኑ። "ቦታውን የሚመርጥልን ወንድማችን ነው" ሲሉ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ከኔ በላይ ማን ያጨብጭብ? ባለፈው መስከረም ለኛም የመረጠልን እሱ አይደል እንዴ? ስም አልጠራም። ስም ምን ያደርጋል? ሰው በሥራው ይታወቃል።

አንቺ ያኔ ደርባን ስለነበርሽ አልሰማሽም። የኮሮናው ሎክዳውን ላላ ተብሎ ሰው ሁሉ እንደተፈታ ጥጃ የፈነጠዘበት ጊዜ ነበር። አቢሶ ደግሞ ከሆስፒታል ወጥቶ ገና መተንፈስ እየተማረ ነው። ባሌን ታውቂው የለ፣ የሩዝ ኬሻ በአንድ ትከሻ አንጠልጥሎ ስፓዛ ሱቃችን የሚገባውን ሰውዬ? ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄዶ ማረፍ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን "ምን አማረህ? ምን ላምጣልህ?" አልኩት።

"ውኃ" አለኝ።

ብርጭቆ ይዤ ሮጥኩ።

"የሚጠጣውን አይደለም። የሚታየውን ነው" አለኝ።

አገር ቤት ቦዮ ሐይቅ ዳር ነዋ ያደገው። ሲታመም ትዝ ያለው እሱ ነው። እኔ ብልጧ ብርጭቆዬን ይዤ እንደ ሐውልት ተገትሬ ቀረሁ።

ከዚያማ ለወንድማችን ነገርኩት። "ለኔ ተዪው እህቴ፣ ካምፒንግ ማለት እኔ ነኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ብታዪ! ካራቫኑ ከፊት፣ ካራቫኑ ከጎን፣ እሱ ካራቫኑን ተደግፎ… ውኃው እንኳ በስተኋላ አንድ ጥግ ላይ ይታያል። አንዲት ደንበኛዬ ስለ ሌላ ቦታ ነግራኝ ነበር፤ ዛፍ የሞላበት፣ ሰፊ ዳስ ያለው፣ ሽንት ቤቱ ከድንኳን የማይርቅ። ለታመመ ሰው ይሻላል ብዬ አነሳሁለት። "እዚያማ በሩ ጠባብ ነው፣ ካራቫን አያስገባም" አለኝ። ምን ይደረግ? ልቡ የሰፋ ሰው በር ሁሉ ይጠበዋል።

"እሺ፣ አንተ በመረጥከው ቦታስ ዝናብ ቢመጣ የምንጠለልበት አለ?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ድንኳን ተሸክመሽ ጣሪያ ትፈልጊያለሽ?" አለ።

ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እኔ ያን ቀን በወርቅ ተንቆጠቆጥኩ።

አዘገጃጀቴንማ አታንሺው። ካምፒንግ ምን እንደሆነ ጠይቄ የማላውቅ ሴት፣ ትልቁን ድስት ጫንኩ፣ ፍራሽ ጫንኩ፣ የሶፋውን ትራስ ሁሉ ጫንኩ። አዲስ ነጭ ጫማም ገዛሁ፤ ለጭቃ! መኪናችን ሲያልፍ ያየ ሰው ቤት ኪራይ አቅቷቸው የተባረሩ ናቸው ብሎ ሳያዝንልን አልቀረም።

ስንደርስ ግን… ሐይቁን ብታዪው! እዚህ አገር ዳም፣ ግድብ ማለት ነው፣ ይሉታል እንጂ ሐይቅ ነው፣ ዳርቻው የማይታይ። አቢሶ ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብቻ ተመለከተው፣ ብዙ ተመለከተው፣ ከዚያ "ይሸታል፣ የዓሣው ይሸታል" አለኝና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እና ለወንድማችን አላመሰግንም? ከልቤ አመሰገንኩት። ይኼን ማንም አይክደው።

ቦታ ሲደለድልም አላዳላም። ካራቫኑ ከፍ ያለው ሜዳ ላይ፣ ኤሌክትሪኩ አጠገብ፣ ዛፉ ሥር ቆመ። መብራት ስለሚፈልግ ነው። ለኛ ደግሞ ታች ውኃው ዳር፣ ጎድጎድ ያለች፣ ሣሯ የለመለመች ቦታ ሰጠን። "ለአቢሶ ብዬ ነው፣ ውኃው አፍንጫው ሥር እንዲሆንለት" አለ። ሣሩ ለምን ከሌላው ቦታ ተለይቶ እንደለመለመ ልጠይቅ እንኳ አልበቃሁም። እኔ የገበሬ ልጅ! አባቴ ጎርፍ መውረጃ ላይ በግ አያስርም ነበር። እኔ ባሌን አሰርኩበት።

ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ስሚ። ሁለት ጨርቅ አለው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ። ወፍራሙን ለወለል ነው ብዬ ከታች አነጠፍኩት፣ ስሱን ከላይ ወጠርኩት። ለካ ወፍራሙ የዝናብ ልብሱ ኖሯል! ወንድማችን ከላይ ሆኖ አይቶኛል፤ እጁን አውለበለበልኝ። እኔም አውለበለብኩለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ… እኔና ድንኳኗ ብናብር አንድ ገመድ እንኳ ማሰር አቃተን።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ። የወንድማችን ሱቅ ያለበት ሕንፃ ባለቤት፣ ሚስትየውና ውሻቸው። ሰውየው የዓሣ ማጥመጃውን ከመኪና እያወረደ "ነግሬህ አልነበር፣ እንደዚህ ቦታ ዓሣ ያለበት የለም" ሲለው ሰማሁ። አሃ! ለካ እንዲህ ነው የተመረጠው። እኔ ሞኟ የተመረጠው ለአቢሶ ሳንባ መስሎኝ ነበር። ምን ነውር አለው? ሰው ለአከራዩ ቢያስብ ኃጢአት ነው? ያከራየህን አክብር የሚል ቃል ያለ ይመስለኛል… ወይስ አባትና እናትህን ነው የሚለው? እኔ እንኳ መጽሐፉን በደንብ አላውቅም፤ የሚያስተምረን እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የዚህ አገር ዝናብ እንደሆነ ደህና ዋላችሁ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ። ስሷ ጨርቄ እንደ ወንፊት አሳለፈችው። ከዚያ ደግሞ ከላይ ከሜዳው ጎርፉ መጣ፣ ያችን የለመለመች ቦታ እንደ ቤቱ ያውቃታል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ውኃን ከፍራሹ ሥር ቀዳነው። ምሰሶው አቢሶ ላይ ወደቀ። ጎትቼ ሳወጣው ሳሉ ተነስቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። መኪናችን ደግሞ ጭቃ ውስጥ ገብታ አልንቀሳቀስ አለች። ትከሻዬን አስይዤው ዳገቱን ወጣን። አዲሱ ነጭ ጫማዬ አንዱ እዚያው ጎርፍ ውስጥ ቀረ፤ በአንድ እግሬ ነጭ ለባሽ፣ በአንድ እግሬ ባዶ።

ካራቫኑን አንኳኳሁ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፣ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። መጋረጃው ገለጥ አለ።

"ወንድሜ፣ አቢሶ መተንፈስ አቃተው። ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ" አልኩት።

"እህቴ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። አንድ ቤት አንድ ቤተሰብ ነው። ደግሞ እሱ ገና ከበሽታ የተነሳ ነው፣ ለእናንተው ብዬ ነው" አለኝ።

"በሩ ላይ እንኳ፣ ከዚህች ደጅ ከተወጠረችው ሸራ ሥር…" አልኩት።

"ሸራውን ነፋሱ እንዳይቀድብኝ ልጠቀልለው ነው" አለ።

እውነቱን ነው በለጥሽ። ሕግ ነው። ኮሮናን ማን አይፈራም? እኔ ብሆንም እፈራ ይሆናል። እኔ ብቻ ያልገባኝ… በመጋረጃው ክፍተት አከራዩ ሳህን ይዞ ተቀምጧል፣ ሚስትየው አጠገቡ አለች፣ ውሻው አልጋው ላይ ተጋድሟል። አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ውሻውማ ከአንገቱ ቀና ብሎ አየን፤ እንድንገባ የፈለገ ይመስለኛል። ያው ውሻ ነው፣ ሕግ አያውቅም።

አቢሶ ክንዴን ጨበጥ አደረገ። "ተይው ኤርጎጌ፣ እንሂድ" አለኝ።

ከመግቢያው በር አጠገብ ዘበኛዋ የምትቀመጥባት ቆርቆሮ ክፍል አለች፤ ለሷ እንኳ የማትበቃ። የዚህ አገር ሰው፣ የሶቶ ጎሳ ሴት ናት። ስንመጣ ገና ከሩቅ አይታን በሩን ወለል አደረገችው። "ኬና ንታቴ፣ ኬና" አለች፤ ግባ አባቴ ማለቷ ነው። መስኮቱን በሙሉ ከፈተች፣ ማስኳን አጠበቀች፣ አቢሶን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ካፖርቷን አለበሰችው፣ ራሷ ደጅ ቆርቆሮው ሥር ቆመች። ቦታ ስለሌለ እኮ ነው! ዝናቡ ግማሽ ጎኗን ሲመታት "ግቢ እንጂ" ብላት ሳቀችብኝ። አምቡላንስም የጠራችልን እሷ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ? ቅርብና ሩቅ ግን በሜትር እንደማይለካ ያን ቀን ተማርኩ። ይኸው ወንድማችን ሁሌም የሚያስተምረን አያጣም።

አቢሶ እንደገና ሆስፒታል ተኛ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰበት። እሱ ኦክስጅን ላይ እያለ የቤተ ክርስቲያናችን ዋትሳፕ ላይ ምስክርነት ተለቀቀ፤ "ጌታ ከማዕበል ጠበቀን፣ አንዳችንም አልተነካንም" ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፣ ከዝናቡ በኋላ በካራቫኑ መስኮት የተነሳ፣ ሐይቁ ወርቅ መስሎ። ታች ጥጉ ላይ የተኮማተረች ሰማያዊ ጨርቅ ትታያለች። የኛ ድንኳን ናት። ሰው ሁሉ "አሜን" "አሜን" ይል ነበር። እኔስ? እኔም ሆስፒታሉ ደጅ ቁጭ ብዬ "አሜን" ብዬ ጻፍኩ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ ትያለሽ?

ተረፈልኝ፣ ተመስገን። ሱቅ ይውላል፣ ዋጋ ይናገራል። ኬሻ የምሸከመው ግን እኔ ነኝ፤ ትከሻዬን ብታዪ የቦክሰኛ ሆኗል። ባለፈው ሰሞን ደስ ይበለው ብዬ "ዙ ሌክ የሚሉት ሐይቅ እንሂድ፣ ቅርብ ነው፣ ዳክዬ እናያለን" አልኩት። "ውኃ አልፈልግም" አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም… ይኸው ዛሬ ግን ወንበሩ ተራርቆ ድምፄን አስጮኸኝ።

እና በፋሲካው ትሄጃለሽ አይደል? ሂጂ! ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ቦታ ምርጫውን ለሱ ተዪው፣ አትጨቅጭቂው፣ ይቀየማል። አንቺ ብቻ ቀድመሽ ስልክ ደውለሽ ጣሪያ ያለው ቤት መኖሩን ጠይቂ። ወፍራሙ ጨርቅ ከላይ ነው። የለመለመ ሣር ካሳዩሽ አመስግነሽ ዳገቱን ውጪ። እና ዘበኛዋን ሰላም በያት፣ ስሟን ጠይቂያት፤ እኔ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ስሟን ሳልጠይቅ መምጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ውይ፣ ከኋላሽ ያለው ሰው ተነሳ እንዴ? ሊሄድ ነው? ሥራ በዝቶበት ነው፣ ቦታ ሊመርጥልን። ሳልመርቀውማ አይሄድም። በርቺ በለጥሽ፣ አንቺም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አሜን በይልኝ፤ ምርቃት በሹክሹክታ አይሆንም።

ጌታ ዕድሜውን ያርዝምለት። ካራቫኑን ያስፋለት፣ ከሰው ፊት አያሳጣው። ዶፍ በወረደበት ቀን፣ የሚወደውን ሰው በክንዱ ደግፎ ደጅ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ… መጋረጃውን ገልጦ የሚያየው ሰው ልቡ ልክ እንደሱ ይሁንለት።