በታኮ የቆመችው መኪና

ልጅቷን ያገኘኋት ለመጋዛችን ቺንጋ፣ ሞተሩን ከመጋዙ የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ልገዛ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር የሄድኩ ቀን ነው። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ካለ ቆርቆሮ ስር ተጠለልኩ። ቺንጋ ሻጩም አብሮኝ ስለተጠለለ የጀመርነውን የዋጋ ክርክር አልተውኩም ነበር። ከአንድ መኪና ስር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። ከመኪናው ስር አንድ ድምፅ፣

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ይሄን ክርክር የት ነው የማውቀው ስል እኮ ነው የቆየሁት» አለችና ተንሸራታ ወጣች።

የባሌ እህት ልጅ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ነበረች። አሁን የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ጨርሳ እዚያው ጋራዥ ተቀጥራለች።

«አያትሽን ሳታዪ የምትኖሪው እስከ መቼ ነው? ዛሬውኑ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

«ዘይት በዘይት ሆኛለሁ እኮ እትዬ።»

«እኛ ቤት ያለው ሰጋቱራ ነው፤ ዘይቱን ይመጥልሻል» ብዬ ይዣት ሄድኩ።

የእኛ የእንጨት መሰንጠቂያ ትንሽ ናት፤ የምንሠራባትም ቤተሰቡ ብቻ ነን። ግቢው ቁልቁለት ነው። ታች ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ አለ፤ መጋዙ እዚያ ነው። መጋዙን የሚያዞረው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ሞተር ሲሆን፣ ባሌ ቀኑን ሙሉ እሱ አጠገብ ቆሞ ግንድ ይሰነጥቃል፤ ጀርባው ወደ ዳገቱ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ግንድ የምታመጣልን የጭነት መኪና ትቆማለች። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከሦስት የሞቱ መኪናዎች ገጣጥመው የሠሯት ናት፤ ሞተሯ ከአንዱ፣ ጋቢናዋ ከሌላው፣ የጭነት ሳጥኗ ከሦስተኛው። «ባልቴቷ» ይሏታል።

የባልቴቷ ሞተሪኖ፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ማለቴ ነው፣ ከተበላሸ ቆይቷል። የእጅ ፍሬኗም አይይዝም። ስለዚህ ዳገቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ዳሱ አዙረው ያቆሟትና ከፊት ጎማዋ ስር የእንጨት ታኮ ይሸጉጡባታል። ጠዋት ታኮው ሲነቀል ቁልቁል ትንደረደርና በማርሽ ትነሳለች። ዳሱ ጋ ሳትደርስ መሪዋ ይጠመዘዛል፤ ከዳሱ ጎን ባለው ሜዳ ላይ ዞራ፣ ዳገቱን መልሳ ወጥታ በበሩ ትሄዳለች። ተጭና ስትመጣም እዚያው ዳገቱ ላይ ነው የምትቆመው፤ ግንዱን ከላይ እያንከባለሉ ለማውረድ ይቀላል።

ለባሌ ምሳ ይዤ በእሷ አፍንጫ ስር ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ፍርሃቱ ባሰብኝ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ ታኮው ግማሽ በግማሽ ጭቃው ውስጥ ሰምጧል። ለአማቴ ብነግራቸው «የሴት ፍርሃት ነው» አሉኝ። ለባሌ ብነግረው «አባባ ያውቃሉ» አለኝ። እኔ ከነጋዴም ከሹፌርም የምከራከር ሴት ነኝ። አማቴ ፊት ግን «ፈራሁ» ከማለት በቀር ለምን እንደፈራሁ የማስረዳበት ቃል አጣሁ።

እና ልጅቷን ይዤ በሩን ስገባ ቆም አለች። መጀመሪያ መኪናዋን አየች። ቀጥላ ጎማውን፣ ታኮውን፣ ታች ጎንበስ ቀና የሚለውን የአጎቷን ጀርባ። የጭነት ሳጥኗ ሙሉ ግንድ ነበር። ምንም ሳትናገር መሃለኛውን መንገድ ትታ አጥሩን ተጠግታ ሄደች።

አማቴ በሩ አጠገብ ካለው ጥግ ቁጭ ብለው የመጋዝ ጥርስ በሞረድ ይስላሉ። አገላብጠው ሳሟትና፣

«ምነው ልጄ፣ እንደ ዶሮ አጥር ለአጥር የምትሄጂው? መንገዱ እኮ በመሃል ነው» አሏት።

«መሃሉን ፈርቼው ነው አባባ።»

«ምን አለበት?»

«መኪናዋ አለችበት።»

አማቴ ሳቁ። «ጋራዥ ነው የምትሠራው ብለውኝ ነበር። መኪና የምትፈራ የጋራዥ ሠራተኛ አየሁ ዛሬ።»

«ሥራዬ ስለሆነ እኮ ነው የምፈራት። አይቆጡኝና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ እንጂ፣ ኢንጂነሯ።»

«እዚህ ዳገት ላይ ባትቆምስ?»

«የት ትቁም ታዲያ፣ መኝታ ቤት? ይቺ መኪና አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ ነው የምትቆመው። አንድ ቀን ንቅንቅ ብላ አታውቅም።»

«ታኮው ግን አዲስ ይመስላል።»

«እንጨት ነዋ። ሲያልቅ ይቀየራል።»

«ካልተነቃነቀች ታኮውን የሚጨርሰው ምንድን ነው?»

የአማቴ ሞረድ ቆመ። «ዝናብ» አሉ።

«ዝናቡ እንጨቱን ከጨረሰ፣ እንጨቱ የተቀመጠበትን አፈር ይምራል ብለው ነው?»

የሰመጠውን ታኮ ያየሁበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

አማቴ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሞረዱን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ «ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ «እኔ እንደምታስቢኝ ቂል አይደለሁም። ብትንሸራተት እንኳ ከዳሱ ፊት የግንድ ክምር አለ። እሱ ነው የሚያቆማት። ግንብ በይው።»

«የቱ ክምር?»

እጃቸውን ዘርግተው ሊያሳዩዋት ዞሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ክምሩ ከጉልበት አይበልጥም ነበር።

«ሲሰነጠቅ ያልቃላ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና ልናወርድ ነው እኮ።»

«አዲስ ጭነት የሚመጣው ክምሩ ሲያልቅ ነው አይደል አባባ? እንግዲህ መኪናዋ ከምንጊዜውም በላይ በምትከብድበት ቀን ግንቡ የለም። ግንቡን አንድ በአንድ የሚያነሳው ደግሞ አጎቴ ራሱ ነው። ሥራው ስለሆነ።»

ከዚያ ክምር ላይ ስንት ልጣጭ ለቅሜ ለማገዶ ወስጃለሁ። ሲያንስ አይቼ «እሰይ፣ ሥራው ገፋ» ነበር የምለው።

«ይሁን» አሉ አማቴ፣ አሁን ቆጣ ብለው። «ይሁንና እኛ ዓይን የለንም? ሁልጊዜ አንድ ሰው እዚህ በሩ ላይ አለ። ንቅንቅ ካለች ይጮሃል፤ ልጄ ዘሎ ይወጣል። እግር አለው፣ ጆሮ አለው።»

«ጩኸቱ ይሰማዋል ብለው ነው?»

«ደንቆሮ መሰለሽ?»

«እሱን አላልኩም። እስቲ እርስዎ ቦታው ላይ ይቁሙና እንሞክረው።»

አማቴ የሚሸሹ ሰው አይደሉም። ብድግ ብለው፣ «ግዴለም፣ እቆማለሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አንቺ ጩኺ፤ ድምፅሽ እንኳን ሕያው ሙትም ይቀሰቅሳል» አሉኝ። ልጅቷ ከመውረዳቸው በፊት ትልቅ ድንጋይ አንከባልላ ከሁለተኛው የፊት ጎማ ስር ሸጎጠች። እሳቸው ወረዱና ባሌን ገለል አድርገው መጋዙ ፊት ቆሙ። ባሌ ግራ ተጋብቶ ወደ እኛ ወጣ። አማቴ አንድ ግንድ አስጠግተው መሰንጠቅ ጀመሩ። መጋዙ እንደሁልጊዜው ጆሮ እያደነቆረ አለቀሰ።

«አሁን» አለችኝ ልጅቷ።

«አባባ፣ ይሽሹ» አልኩ። ዝም። «አባባ፣ መኪናዋ መጣችብዎት» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ዝም። እልህ ያዘኝና በጤናዬ የማልናገረውን ሁሉ ተናገርኩ። ግትር አልኳቸው፣ የሰው ምክር አይሰሙም አልኳቸው። ባሌ አፉን ይዞ ያየኛል። ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው በሩን ሞልተው ቆሙ። የአማቴ ጀርባ ግን እንደጎበጠ ነው፤ ሸሚዛቸው ላይ ላቡ ይታየኛል፤ አንገታቸው እንኳ አልዞረም።

መኪናዋ አጠገቤ ናት። ድንጋይ እንደተሸጎጠባት አውቃለሁ፤ ሙከራ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ያ ጀርባ የእሳቸው አልመሰለኝም፤ የባሌ ጀርባ መሰለኝ። መጮኹን ትቼ አለቀስኩ።

ልጅቷ በአጥሩ በኩል ወርዳ ትከሻቸውን ነካቻቸው። እኛም ተከትለን ወረድን። አማቴ ሞተሩን አጠፉና፣

«ምነው፣ መቼ ነው የምትጮኸው? እየጠበቅኩ ነው እኮ» አሉ።

«ጨርሳለች አባባ።»

አማቴ ወደ እኔ አዩ። ፊቴ ረጥቧል። በሩ ላይ ያለውን ሰው አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ያረጀውን ልጃቸውን።

«ሁላችሁም ከዚህ ውጡ» አሉ። «ባልቴቷን ከዳገቱ አወርዳታለሁ።»

ግንዱን በሙሉ አራግፈን፣ ዳሱን ባዶ አድርገን፣ ሰዉን ከአጥሩ ውጪ አስወጣን። አማቴ ጋቢና ገቡ፤ ልጅቷ ድንጋዩን አንስታ ታኮውን በረጅም እንጨት ከጎን መታችው። ባልቴቷ እያቃሰተች ተንደረደረች። እኔ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ተነሳ፤ መሪው ዞረ፤ ሜዳው ላይ ሄዳ ቆመች። ምንም አልሆነችም።

አማቴ ወርደው አንድ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«አየሽ፣ እንደሁልጊዜው ነው የወረደችው» አሉ ለልጅቷ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዳሱን እያዩ ቀጠሉ። «ያታለለችኝ እኮ በዚህ ነው። ሁልጊዜ ደህና እየወረደች።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላሳጥረው። ጓሮ ሣር የበቀለባት ሌላ አሮጌ መኪና ነበረችን። ልጅቷ የእሷን ሞተሪኖ ፈታችና አጥባ፣ ሽቦውን አድሳ ለባልቴቷ ገጠመችላት። አማቴ «ከሬሳ ላይ ነው የምትወስጂው?» ሲሏት፣ «ባልቴቷስ ራሷ ከምን ተሠራች?» ብላ አሳቀቻቸው። የእጅ ፍሬኗን አጠበቀች። አሁን መኪናዋ የምትቆመው ሜዳው ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ከፊትም ከኋላም ታኮ አላት። ግንዱ የሚወርደው በሁለት ወፍራም አጣናዎች ላይ እየተንሸራተተ ነው። ይዘገያል፣ አዎ። ግን ቀድሞ መኪናዋ አልነሳ ባለች ቁጥር ሁላችንም ሥራ ፈትተን ስንገፋ የምናባክነው ጊዜ ቀርቷል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ገመዱን ነው። ከበሩ እስከ መጋዙ ሞተር ገመድ ዘረጋችልን፤ ማንም ሰው ቢስበው ሞተሩ ይጠፋል። መጋዝ የሚሰነጥቅ ሰው ጩኸት አይሰማም፤ ሞተሩ ድንገት ዝም ሲል ግን የማይዞር የለም።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ እናንተም ዘንድ «ሰው ይጮሃል» ተብሎ የተተወ ነገር ካለ፣ ዛሬውኑ አንድ ሰው እዚያ አቁማችሁ ጩኹበት። ሲሰማችሁ ካያችሁ ደግ። ካልሰማ ግን «እስከዛሬ ምን ሆነ?» አትበሉ። እስከዛሬ ምንም አለመሆኑ ለነገ ዋስ አይሆንም። ደግሞም ፍርሃት ሁሉ ቂልነት አይደለም። የሚፈራውን ሰው «ለምን ፈራህ?» ብሎ መጠየቅ ከመሳቅ ይሻላል።

ገመዱ የተዘረጋ ዕለት አራታችን ዳሱ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ባሌ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣

«እኔ እንኳ ሁልጊዜ እፈራ ነበር» አለ።

አማቴ ብርጭቆውን ከአፋቸው አወረዱት። «ምን አልክ?»

«እፈራ ነበር። ስሠራ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር። ማታም ተኝቼ ጎማው ሲሽከረከር ይሰማኛል።»

አጠገቡ ስተኛ የኖርኩ ሴት፣ ይህን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ አማቴ። ቁጣ አልነበረበትም ድምፃቸው።

«አባቴ ነዎት። ያውቃሉ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ዝም ስትል ደህና ነው ማለት ነው ብዬ» አሉ አማቴ። «ሁለታችንም ተከባብረን ልንገዳደል ነበር። ከእንግዲህ ስትፈራ ንገረኝ። ብቆጣም ንገረኝ።»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔም በዓይኔ «በል እንጂ» አልኩት።

«እንግዲያውስ» አለ በጣቱ እያመለከተ፣ «ይሄ የኋላው ምሰሶ ምስጥ በልቶታል። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ጣሪያው ይወርድብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። አማቴ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ ምሰሶውን በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ጣታቸው ገባ። ከዚያም እኛን አንድ በአንድ በክንዳችን ይዘው ከዳሱ ያወጡን ጀመር፤ መጀመሪያ ልጃቸውን።