የሚያሳርፋቸው ያጡት የአስታማሚዎች መምህር

የተከበራችሁ ዘመዶችና የነቀምቴ ወዳጆች፤ ይህን የወይዘሮ ቀለሟ ዋጋሪን የሕይወት ታሪክ የማነበው በልጃቸው በኢትዮጵያ ጥያቄ ነው፤ እርሷም ለይሉኝታ ተብሎ ቃሉ እንዳይለዝብ አደራ ብላኛለች።

ወይዘሮ ቀለሟ ከአባታቸው ከአቶ ዋጋሪ ኩማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወልደገብርኤል በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. በቢላ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ስለዋሉ፣ እርሳቸው እያጠቡና እያጎረሱ አስታመሟቸው፤ ሆኖም በሽተኛ በየጊዜው መገላበጥ እንዳለበት የነገራቸው ሰው ባለመኖሩ፣ እናታቸው ጀርባቸው ቆስሎ፣ ቁስሉም አመርቅዞ አረፉ። ይህ ቁጭት ወደ ነቀምቴ አመጣቸውና በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ቀጥሎም የነርስነት ሙያ ተምረው በሐኪም ቤት ተቀጠሩ።

በ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. መምህር ባቻ ነመራን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ፤ የበኩር ልጃቸው አዱኛ ግን በሕፃንነቱ በኩፍኝ ተቀጠፈ።

ወይዘሮ ቀለሟ ከሐኪም ቤት ድኖ የወጣ ሰው እቤቱ ሲሞት እያዩ ዝም ማለት ስላልቻሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የበሽተኞችን ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች ሰብስበው ማጠብን፣ ማጉረስንና ማገላበጥን በኦሮምኛም በአማርኛም ያስተምሩ ጀመር። ለልምምድ የሚላኩ ወጣት ሐኪሞችንም አለቆቻቸውን አስፈቅደው በየቤቱ ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ወጣት ሐኪም የባለሱቁ ሚስት ወይዘሮ አሰፋች የሚያስታምሟቸውን አማት መርምሮ ሊወጣ ሲል፣ ወይዘሮ ቀለሟ በሩ ላይ አስቁመው፦ «ልጄ፣ አስታማሚዋንስ ጠየቅሃት?» አሉት። እርሱም ተመልሶ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ ወይዘሮ አሰፋች ያለቅሱ ጀመር፤ «እዚህ ቤት የሚገባ ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው፤ እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አሉ። ወጣቱ ሐኪም የባላቸውን እኅት አስጠርቶ ሥራውን እንዲካፈሏቸው ሳያስማማ ከዚያ ቤት አልወጣም።

ይህን ያህል የተደከመበትን ሥራ ከበላይ የመጣ አንድ ሹም፣ ነርስ ሐኪም ልታስተምር አይገባም ብሎ በአንድ ቃል አስቆመው። በቅዳሜው ትምህርት ሕመምተኞቻቸውን ያተረፉ የከተማው ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ፤ አቤት ያለላቸው ግን አልነበረም።

ሥራው በተቋረጠበት በዚያው ዓመት መምህር ባቻ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸውም ተዘጋ። ወይዘሮ ቀለሟ ሥራቸውን ትተው ባላቸውን ሲያስታምሙ ወይዘሮ አሰፋች ሱቃቸው ወደ ጊምቢ እስኪዛወር ድረስ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያሳርፏቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ልጃቸው ኢትዮጵያ የነርስ ትምህርቷን አቋርጣ ልምጣ ብትል፣ «እኔ የጀመርኩትን አንቺ ጨርሺው» ብለው ከለከሏት። ዘመድ ሲለመን፣ አንዱ አዝመራ ይግባ፣ ሌላው በዓል ይለፍ አለ። እኛ ደጃፋቸው ቆመን «አዴ ቀለሟ፣ አይዞዎት» ብለን እናልፍ ነበር።

ደረታቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ ይተኙ ቢላቸው፣ «እኔ ከተኛሁ ባቻን ማን ያነሣልኛል?» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ባላቸውን እያጠቡ ሳለ አልጋው ሥር ወደቁ። መምህር ባቻ መጣራት ስለማይችሉ፣ ጎረቤት ውሃ ልትዋስ እስክትገባ ድረስ የሚስታቸውን ፊት እያዩ ዋሉ።

እነሆ ዛሬ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ከዚህ ሕዝብ ጥቂቱ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ተራ ገብቶላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ድንኳን ዛሬ ባልተተከለ ነበር።

ወይዘሮ ቀለሟ ባላቸውን መምህር ባቻ ነመራን፣ እናቷን ለመተካት ትምህርቷን ጥላ የመጣችውን ልጃቸውን ኢትዮጵያ ባቻንና ታናሽ እኅታቸውን ደራርቱ ዋጋሪን ትተው በአርባ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። አምላክ በምድር ያጡትን ዕረፍት በእርሱ ዘንድ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑር። እኛንም እንባችንን አይቶ ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት መምህር ባቻን ለማንሣት ከኢትዮጵያ ጎን ስንቆም አይቶ ይማረን። አሜን።