የጡረታችን ዋስ

ስሙኝማ፣ ባለፈው ፒያሳ አንድ ካፌ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ የእቁባችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ገቡ። ጡረታቸውን ተቀብለው መመለሳቸው ነበር፤ ፊታቸው ግን ልክ አይደለም። «አንተ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል አይደል የምትሠራው? መንግሥት ከጡረታ ፈንዱ ይበደራል ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። እውነት ነው?» አሉኝ። ሽማግሌ እንዳላስደነግጥ ድምፄን አለሳልሼ አስረዳኋቸው። ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል፣ አሠሪው ይጨምርበታል፣ ከዚያ ላይ ለጡረተኛው ይከፈላል፤ ከተረፈው ደግሞ መንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ ይበደርና ከነወለዱ ይመልሳል። «አያስቡ ጋሼ» አልኳቸው።

«እቁብ የወጣልህ ጊዜ ብሩን ሳንሰጥህ በፊት ምን አልንህ?»

«ዋስ አምጣ።»

«ለራሴ ዋሱ እኔው ነኝ ብትለንስ ኖሮ?»

ሳቄ መጣ። «ያባርሩኝ ነበራ!»

«ታዲያ የመንግሥት ዋሱ ማነው?»

«ራሱ መንግሥት» አልኩና ሳቄ እዚያው ደረቀ። ቢሆንም ላጽናናቸው ብዬ «የእርስዎ ጡረታ የትም አይሄድም» አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «የእኔንማ አውቃለሁ ልጄ። ዛሬ የተቀበልኩት እኮ ከእናንተ ደመወዝ የተቆረጠውን ነው። እኔን የጨነቀኝ ያንተ ነው።»

ከዚያችው ጡረታቸው ላይ የማኪያቶዬን ሒሳብ ከፍለው ወጡ። እኔ ባንኮኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ።