ልጃቸውን ሳያዩ የተለዩን እታለም

አፈር ከማልበሳችን በፊት ጥቂት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። የማነብላችሁ የእህቴ ልጅ፣ ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራቸው የእኒህ መምህርት የሕይወት ታሪክ ነው። ታላቅ ለታናሽ ይህን ማንበብ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ተራው ተገልብጦ እኔ ቆሜ እርሳቸው ተጋደሙ።

እታለም ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው፣ መላጊያውና የስፌት መኪናው ጎን ለጎን በሚሠሩበት አንድ ክፍል ውስጥ አደጉ። ከእንጨት ፍቅፋቂ ፀጉር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀሚስ እየሠሩ አሻንጉሊቶቻቸውን በተርታ ያስተምሩ ስለነበር፣ አባታቸው ክፍያ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ቤቴ ገባ ይሉ ነበር። አባታቸው ቀድመው ቢያርፉም፣ እናታቸውን በስፌቱ እየረዱ ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በመዋዕለ ሕፃናት ተቀጠሩ። በዚያም ንፍጥ እየጠረጉ፣ የጫማ ማሰሪያ እያሰሩ፣ ፊደል እያስቆጠሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ።

ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር ከመሠረቱ በኋላ ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዓመታት አለፉ። ሰው “ምነው እስከ ዛሬ?” እያለ ሲነዘንዛቸው፣ “እኔማ ክፍል ሙሉ ልጅ አለኝ፤ ማታ ማታ ለእናቶቻቸው የማውሳቸው እኔ ነኝ” እያሉ ያስቁን ነበር። አስቀውን ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንደሚያዞሩ ግን የምናውቅ እናውቃለን።

ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ፀነሱ። ባለቤታቸው አውቶቡሱን እንደ እንቁላል ተሸካሚ መንዳት ጀመሩ ብለን ቀለድንባቸው፤ እናታቸውም ዓይናቸው ደክሞ ሳለ የሕፃን ልብስ ሊሰፉ ከስፌት መኪናቸው ጋር ታረቁ።

እርግዝናው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ በክፍላቸው ጉንፋን ገባ። ሕፃናቱ አስነጥሰው፣ አስለው፣ ጥቂት ቀን ተኝተው እንደገና ሲቦርቁ፣ እታለም ግን ወደቁ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከጤና ጣቢያው በማለቁ በሚቀጥለው ወር እንዲመለሱ ተነግሯቸው ነበር፤ የሚቀጥለው ወር አልደረሰላቸውም። ትኩሳቱን በእርጥብ ፎጣ ሲያስታግሡ ሰንብተው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅታቸው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ በሌላው ሰው ላይ በጉንፋንነት የሚያልፈው ቫይረስ፣ ማሕፀን ሳንባን በሚያጣብብበትና የሰውነት መከላከያ በሚለወጥበት በእርግዝና ጊዜ ወደ ሳንባ ምች ሊከፋ ይችላል፤ እናት አየር ስታጣ ጽንሱም ያጣል። ስለዚህም ሁለቱንም ለማትረፍ ሲሉ ልጅቱን ያለ ወሯ በቀዶ ጥገና አወጧት።

እታለም ለአፍታ ሲነቁ፣ የኦክስጅን ጭንብላቸውን ገለጥ አድርገው ባለቤታቸውን “አለቀሰች?” ሲሉ ጠየቁ።

“እንዴታ! ሆስፒታሉን አናጋችው እንጂ” አሏቸው።

ፈገግ አሉ። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም ነበር፤ ሳንባዋ ለለቅሶ አልደረሰም። እታለም በማግስቱ፣ ልጃቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ እኔን አጎታቸውንና አንዲት ሴት ልጅ ትተውልናል። ባለቤታቸው ዛሬ በመካከላችን የሌሉት ሐዘን ጸንቶባቸው አልጋ ይዘው አይደለም። ዛሬ ጠዋት ቀብር ልንወጣ ስንል ከሆስፒታሉ ተደውሎ የሕፃኗ ትንፋሽ መዳከሙ ስለተነገራቸው፣ “እሷ ሰው አላት፤ ልጅቷ ግን ማን አላት?” ብለው ወደዚያ ሮጡ። አሁን ያለ ወራቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚቆዩበት በማሞቂያው ሣጥን ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው ተቀምጠዋል። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም፤ አባቷም ስም ሊያወጡላት አልደፈሩም።

ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለእናታቸው ጉልበት ይስጥልን። የእታለምን ሣጥን አሁን አውርዱ፤ ስንጨርስም ሁላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ፤ የሕፃኗ አባት ጎናቸውን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋቸዋልና፣ ጥቂቶቻችሁ ከእኔ ጋር ወደ ሆስፒታሉ እንሂድ።