እስከ ሁለተኛው ዙር

አካም ቡልቴ፣ አምሀ? ናጋ? ቤተሰቡስ?... ዝናቡ እኛን ዘሎ ቦሬ ላይ ወረደ አሉ። ምን ይደረግ፤ ደመናም ዘመድ ይመርጣል። ይቺ ፍየልህ ወፍራለች። አጥርህን ነው የምትበላው መሰለኝ... ትብላ፤ ፍየል ምን አጠፋች?

ለሻይ አትድከሙ፣ አልቆይም። ረሆቦት የለችም? ክሊኒክ ሥራ ላይ ናት... ጥሩ። ጥሩ ነው።

እንግዲህ እሁድ ልጅህን ልንለምን እንመጣለን። ረሆቦትን የሚፈልጋት ልጅ አባት ትናንት «ዋቆ፣ ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ፤ ጎረቤት ነው፣ እምቢ አይባልም። አንተ ደግሞ ባለፈው ገበያ «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ስትለኝ ሳል ያዘኝ። አሁን ተሽሎኛል። ግን ሽማግሌ የሆነ ሰው ክፉ አይናገርም፤ ደግ ደጉን ብቻ ልንገርህ።

ሩጫውን ማን ያማዋል? አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው የሱ ርቀት። ተኩሱ ከተሰማ ጀምሮ ፊት እሱ ነው። ሙና ሻይ ቤት በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ወገቡን ይዞ ወደ ሣሩ ወጣ። እኔ ታሞ መስሎኝ «ዋይ!» አልኩ። ሳቁብኝ። ለካ ሥራው ነው፤ አሯሯጭ ይሉታል። ሌላውን አፍጥኖ መውጣት ነው፤ ማንም አይቆጣውም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል እሱ ውሃ እየጠጣ ነው። ስንት ዓመት በክብር ሠርቶበታል!... የናንተ መጽሐፍ ላይ አንዱ ሰውዬ «ሩጫዬን ጨርሻለሁ» ብሏል አሉ። ምን አጣደፈው?

ደግሞ ሙያውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይመጣም። ይሄን ነው የምወድለት። በድርቁ ጊዜ እዚህ አልነበረም እንዴ? ወጣቶቹ ኤላው፣ ጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርዱ ታውቃለህ፤ አንዱ ከታች ይቀዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ገንዳው ይደርሳል። አንድ ሰው ከጎደለ ውሃው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። ከሁሉ ቀድሞ ታች የወረደው እሱ። ዘፈኑን ያወጣው እሱ። ሁላችንንም ያፈጠነን እሱ። እንዲህ ያለ ጉልበት አላየሁም... ከብቱ እኩሌታው ሲጠጣ ወጣ። ላቡን ጠረገ፣ ሁላችንን ጨበጠን፣ ሄደ። የኔ ላሞች ተራቸው ኋላ ነበር። ከብት መቼም አሯሯጭ አያውቅም፤ ፀሐይ እስክትገባ ገንዳውን ሲያዩ ቆሙ። እኔም አብሬ አየሁ። ጥሩ ገንዳ ነው።

የክብረ መንግሥቷን ልጅ ነገር ሰምተሃል? አልሰማህም?... እኔም አልነግርህም። የሠራላትን ቤት ግን አይቻለሁ። ግድግዳው እንዴት ያምራል! ጣሪያ የለውም እንጂ፤ እሱም ቢሆን ኮከብ ይታያታል። ስታረግዝ ደግሞ ከአጠገቧ አልተለየም ይላሉ... እስከ አምስተኛ ወሯ። የቀረውን እሷ ጨረሰችው። እናንተ በአማርኛ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላላችሁ። ልጁን በዚህ አትጠርጥረው። እሱ ቆሞ፣ ተረጋግቶ፣ በሁለት እጁ ነው የሚፈታው።

ረሆቦትን ይወዳታል ወይ? ከልቡ ነው እንጂ! አጀማመር ላይ እሱን የሚያህል ከነገሌ እስከ ተልተሌ አታገኝም። ሠርጉ ይደምቃል፣ ፎቶው ያምራል። እሷም ጠንካራ ልጅ ናት፤ ብቻዋን ትጨርሰዋለች። አንተና እናቷም ገና ጉልበት አላችሁ... የልጅ ልጅ ማሳደግ ምን ይከብዳል?

ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ፣ አምሀ።

እሁድ እኔ ዳር ይዤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዋቆ አያወራም ትሉ የለ? አንተ «ዘመድ እንማከር፣ ቆይ» ብትል አልቀየምህም። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይሰማም...

በል ልነሳ። ልጁን ሳልመርቀው ብሄድ ግን ነውር ነው። ዋቃ ዕድሜ ይስጠው፣ ሽበት ያሳየው። ወንዶች ልጆች ይስጠው፤ መልካቸውም ጠባያቸውም ቁርጥ እሱን ይሁን። ሲያረጅ እነሱ ይጡሩት። ቀኑ ሲደርስም ቃሬዛውን ሌላ ሰው አይንካው፤ እነዚያው ልጆቹ ብቻ... እንደ አባታቸው ከደጁ ቀድመው አንስተው ይሸከሙት።

አሜን በል እንጂ!