በጀርባው የገባው ኔስተር

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ኬኩ የትም አይሄድም። በርት፣ አንተም ቁጭ በል፤ ሦስተኛህ ነው፣ አይቼሃለሁ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ጋሽ ኔስተር እዚህ ቢሮ መጀመሪያ ሲገባ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ እንደ ልማዴ ስልኩ ጋ ተቀምጫለሁ። በሩ ተከፈተና አንድ ሰውዬ በጀርባው ገባ። እውነቴን ነው፣ በጀርባው! ፊቱን ወደ መኪና ማቆሚያው አድርጎ፣ ኮፍያውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይራመዳል።

"ምን ልርዳዎት?" አልኩት።

"ደጅ ላይ ኮዮቴ አለ፣ ያ ቀበሮ መሳዩ አውሬ!" አለኝ ዞር ሳይል። "ቶሎ በይ፣ የዱር እንስሳት ቢሮ ደውይልኝ!"

"ጌታዬ፣ ቢሮው ይሄ ነው።"

"ታዲያ ሠራተኛው የት ሄደ?"

"ዛሬ ሥራ የሚጀምር አንድ ሰው እየጠበቅን ነው።"

ያኔ ዞር አለና "ውይ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ ደግሞ ጣሳዋ መጣች። ያቺን ጠጠር የሞላባት የቡና ጣሳ የማያውቃት አለ? ኮዮቴ ሲቀርበው ያንቋቋታል። ስብሰባ ሲረዝምበትም ያንቋቋታል፤ አለቆቻችንም እንደ ኮዮቴው ሹልክ ይላሉ። የሚበሉትን ለማወቅ የለቀመውን የኮዮቴ ዓይነ ምድር ደግሞ በእርጎ ዕቃ አድርጎ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከምሳችን ጎን ያስቀምጠዋል! በርት ማንኪያ ይዞ የከፈተውን ቀን እስክሞት አልረሳውም።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እንግዲህ አሁን የምፈራውን ልንገራችሁ። ከሰኞ ጀምሮ የእሱን ቦታ የምይዘው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ሳወራ የኖርኩት እኔ፣ ማርሊስ።

መዋለ ሕፃናቱ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ያለችውን ጆሮ ቆራጣ ኮዮቴ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቡችሎች አሏት። ወይዘሮ ኢኔዝ በጓሯቸው በር የተጠበሰ ዶሮ እያስቀመጡላት ሰው መፍራት ትታለች። ጋሼ ሊያነጋግራቸው ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

"ለውሻዬ እኮ ነው የማስቀምጠው" አሉ።

"ውሻዎ የት አለ?"

"አምና ሞተብኝ።"

እኔ ብሆን እጮህባቸው ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለዚያ ውሻ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጣቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶሮ አላስቀመጡም። ኮዮቴዋ ግን ልማዷን አልተወችም። ባለፈው ሳምንት የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት እናትን እስከ ቤቷ በር ድረስ ተከትላለች። ከእንግዲህ አንዴ እንኳን ሰው ብትጠጋ በጥይት ትገደላለች፤ ተወስኗል። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ጥይቱ ከመድረሱ በፊት ጥርሷ የአንድ ልጅ እግር ላይ ቢያርፍስ የሚለው ነው። ሰው መፍራትን መልሳ እንድትለምድ የሚያደርጋት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ጋሼ ሊያሠለጥነኝ እዚያው ወሰደኝ። ጣሳዋን አስያዘኝ። ቁጥቋጦው ውስጥ ኮሽ አለና ስድስት እርምጃ ያህል ላይ ቆማ አየኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጣሳዋን ጥዬ እግሬ አውጪኝ! "በፍጹም እንዳትሮጡ" እያልኩ በቀን ሠላሳ ሰው የምመክር ሴትዮ ሮጥኩ! ዞር ስል ከኋላዬ እየመጣች ነው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ጋሼ ጣሳዋን አንስቶ መሃላችን ገባ፤ እጁን ዘርግቶ፣ እየጮኸ፣ እያንቋቋ ወደሷ ሄደ። ዞራ ወደ ወንዙ ወረደች።

ለማንም አልተናገረም። ዛሬ ራሴ ተናገርኩት።

መኪና ውስጥ ገብተን ጣሳዋ ጭኑ ላይ አሁንም ትንቋቋለች። "ጋሼ፣ ሄዳለች እኮ፣ ተዋት በቃ" አልኩት።

"እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው" አለኝ።

"ትፈራለህ እንዴ?"

"ሁልጊዜ። አንድ ቀን ብቻ ሳልፈራ ቀረሁ።" ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የኮዮቴ ንክሻ ጠባሳውን አሳየኝ። አዎ፣ ያ 'የሽቦ አጥር ቧጨረኝ' ሲለን የኖረው!

ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። በዚያ ስልክ ስንት እናት እያለቀሰች ደውላለች! "መጣልሽ፣ መንገድ ላይ ነው፣ ልጅሽን ተሸከሚ" የምላቸው አንተን ተማምኜ ነው። ሰኞ ስልኩ ሲጮህ ማን መጣልሽ እንደምል አላውቅም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ዛሬ ጠዋት ጣሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘኋት፤ ይኸው ይዣታለሁ። ትሰማላችሁ? እያንቋቋኋት እንዳይመስላችሁ፤ እንዲሁ እጄ ነው።

ለጤናህ፣ ጋሼ! የፖም ዛፎችህን ተንከባከብ፤ የረገፈውን ግን ቶሎ ልቀመው፣ ኮዮቴ ይጠራል፤ አለበለዚያ እኔ ነኝ የምመጣብህ። እዚህ ቤት በጀርባህ ገባህ። ዛሬ ፊትህን ወደ ቤትህ አድርገህ፣ ዞር ሳትል ውጣ። ከኋላህ እኔ ቆሜያለሁ፤ አልሮጥም።